የትኛው ፍሳሽ? ስለ ቆሻሻ ውሃ የተጻፈ ደብዳቤ እንዴት ይነበባል

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ሰዋስው፣ ምንባብ፣ የደብዳቤ አጻጻፍ። ማስተማሩን ትቼ የታላቅ እህቴን ፔንሲዮን ተረከብኩ። አሥራ ሁለት ክፍል ነው፤ ሐዋሳ፣ ከሐይቁ በእግር ስምንት ደቂቃ። በዕድሜዬ እንደ «ፍሳሽ» ያዋረደኝ ቃል የለም።

ካቻምና ነሐሴ ላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ዋናው ዐረፍተ ነገር ይህን ይላል፦ «ከድርጅትዎ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ እንዳይለቀቅ፣ ቅድመ ማጣሪያ እንዲያዘጋጁ፣ የዝቃጭ አወጋገድ ማስረጃም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያቀርቡ እናሳስባለን።»

አነበብኩት። ገባኝ አልኩ። ምንም አልገባኝም ነበር።

ፍሳሽ ሲሉ የሽንት ቤቱን መስሎኝ «የእኛ ፍሳሽ ሴፕቲክ ታንክ ነው የሚገባው፤ ወደ ቦይ አንለቅም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ቅድመ ማጣሪያ ሲሉ ወንፊት መሰለኝ። የሽቦ ወንፊት ገዝቼ የልብስ ማጠቢያው መውጫ ላይ አስገጠምኩ። ዝቃጭ ያሉትን ደግሞ ገንዳው ሥር የሚቀረው የሳሙና ጭቃ ነው ብዬ በባልዲ አስዛቅኩት። ሦስት ቃል፣ ሦስት ስህተት።

በሳምንቱ ሁለት ወጣት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ደፉና ከግቢው ወጥተው ቆሙ። እኔም እጄን አጣጥፌ አብሬያቸው ቆምኩ፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ መንገድ ዳር ያለው ዲች (የጎርፍ ቦዩ) ውስጥ ብቅ አለ፣ ከነአረፋው። የጎረቤት ልጆች አጨበጨቡ።

አንደኛው ልጅ በትሕትና «ቲቸር፣ የትኛውን ፍሳሽ ነው አንለቅም ያሉት?» አለኝ። ተማሪዬ አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ስለሚለኝ ነው። ጥያቄው ግን እኔ ራሴ ከመፈረሜ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ነው። ፔንሲዮን፣ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ መኪና እጥበት ወይም የሚከራይ ቤት ካላችሁ፣ ተመሳሳይ ወረቀት አንድ ቀን በራችሁ ሥር ይገባል። እኔ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ግቢውን ዙሩ

ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ተዉትና ውጡ። ፀሐይ ያለበት፣ ያልዘነበበት ቀን ይሁን። የደብተር ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ግቢያችሁን ከላይ እንደምታይ ወፍ ሆናችሁ ሳሉ፤ ቤቱ፣ ኩሽናው፣ ሽንት ቤቱ፣ መታጠቢያው፣ አጥሩ፣ መንገዱ። ከዚያ ውሃ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሁሉ ቁጠሩ። እኔ ሰባት ይሆናል ብዬ አሥራ ዘጠኝ አገኘሁ።

ቀጥሎ በየቀዳዳው ተራ በተራ ውሃ ድፉ። ቀለም ያለው ይሁን። የምግብ ቀለም ከሌለ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃም ያገለግላል። አንድ ሰው ይድፋ፣ ሌላው መውጫው ጋ ቆሞ ይይ። የታየበትን በቀስት ምልክት አድርጉ። ያልታየው የት ገባ? እዚያ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳዩት እሱን ነው።

ይህን ስትጨርሱ በአማርኛ አንድ ስም የያዙ አራት ውሃዎች እጃችሁ ላይ ይኖራሉ።

የመጀመሪያው የዝናብ ውሃ ነው። ከጣሪያ በአሸንዳ ይወርዳል፣ ከግቢው ንጣፍ ይሰበሰባል። በወረቀት «ጎርፍ» ይባላል፣ ሰው ባይወስድም። ዲች የተሠራው ለዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው እጣቢ ነው፤ የገላ፣ የእጅ፣ የልብስ። ባለሙያዎች «ግራጫ ውሃ» ይሉታል። እናቶቻችን «የእጣቢ ውሃ» ብለው በር ላይ ይደፉት ስለነበር እንደ ቆሻሻ አንቆጥረውም። አንድ ቤተሰብ በባልዲ ሲደፋ ምንም አይደለም። የአሥራ ሁለት ክፍል አንሶላ በኦሞ ሲታጠብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው የኩሽና ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ ከእጣቢ ጋር ይደመራል፤ እኔ ግን ለብቻው አየዋለሁ፤ ምክንያቱም ቅባት አለበት። የእኛ ኩሽና አሳ ይጠብሳል። ይህ ብቻውን ታሪክ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አራተኛው የሽንት ቤቱ ነው። በሙያው ቋንቋ «ጥቁር ውሃ»። በዚህ ቃል ሐዋሳ ውስጥ ስንስቅ ኖረናል። አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ መግባት የለበትም» ሲል አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «እንዴ! ታዲያ ሐይቁ በምን ይሙላ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጥቁር ውሃ ለእኛ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ሐይቃችንን የሚመግበው ወንዝ ነው። አሠልጣኙ ከሌላ ከተማ ነበር የመጣው። እናንተም ደብዳቤ ላይ ስታዩት ወንዙ ይሁን ሽንት ቤቱ ጠይቁ፤ አታፍሩ።

ቦይ እና መስመር አንድ አይደሉም

አሁን ወደ ደብዳቤው ተመለሱና «ፍሳሽ» የሚለውን ባገኛችሁበት ሁሉ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ በእርሳስ ከላዩ ጻፉበት። አንዳንዴ ሁለቱ ይሆናል። አንዳንዴ ሦስቱ። ማወቅ ካልቻላችሁ ባዶ ተዉትና የጻፈውን ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ።

ችግሩ ቃሉ ራሱ ነው። ፈሰሰ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ የሚፈስስ ሁሉ ፍሳሽ ነው። በዚህ ላይ በየዜናው «የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ተደፈነ» ይባላል፤ እየተነገረ ያለው ስለ ጎርፍ ቦይ ነው። ውሃና ፍሳሽ ስንል ደግሞ የቧንቧ ውሃ የሚያቀርበውን መሥሪያ ቤት ነው። ሰው ቢሳሳት ይፈረድበታል?

የቧንቧ ሠራተኞች በሁለት የተዋስናቸው ቃላት ይለዩታል። ድሬኔጅ ሲሉ ለዝናብ፣ ስዌሬጅ ሲሉ ለቆሻሻ ውሃ ነው። ቢያንስ መለየት ነበረባቸው። የእኔን ልብስ ማጠቢያ የሠራው ልጅ «እትዬ፣ ድሬኔጁ ጋ አገናኘሁልዎት» ሲለኝ በረከት መስሎኝ መረቅኩት። ያገናኘው ከዲቹ ጋር ነበር።

ልዩነቱ ይህ ነው። ቦይ ወይም ዲች ላዩ የተከፈተ ወይም በንጣፍ የተሸፈነ የዝናብ መውረጃ ነው። የገባበትን ሁሉ ሳያጣራ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወስዳል። እዚህ ዝቅተኛው ቦታ ሐይቁ ነው። የፍሳሽ መስመር ግን የተዘጋ ቱቦ ነው፤ በየተወሰነ ርቀት ማንሆል አለው፤ መጨረሻው ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ደብዳቤው «ወደ መስመር ይገናኙ» ካለ በመንገዳችሁ መስመር መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ያላችሁ አማራጭ ግቢ ውስጥ ማጠራቀምና በመኪና ማስነሳት ነው። የሐዋሳ አብዛኛው ቤት የሚኖረው በዚህኛው ነው።

ሐይቃችን በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ ግን ወንዝ አይወጣም። አብዛኛው ውሃ በትነት ይሄዳል፤ የገባበት ጨውና ማዳበሪያ መሰል ነገር ይቀራል። አንሶላ ሳጥብ የለቀቅኩት አረፋ አሞራ ገደል አሳ ከሚሸጥበት ዳርቻ ራቅ ብሎ ቢገባም፣ ሐይቁ ያው አንድ ሐይቅ ነው። አሳውን ከዚያው ገዝቼ ለእንግዳ አቀርባለሁ። ይህን ሳስብ ነው ቀልዱ ያበቃው።

ዝቃጭ

ይህን ቃል ለብቻው አነሳለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነው።

ዘቀጠ፣ ዝቃጭ። ተማሪዎቼ ቢሆኑ ጠ ወደ ጨ ለምን እንደተለወጠ አስረዳቸው ነበር። ለእናንተ ትርጉሙ ይበቃል፦ ወደ ታች የሰመጠው። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ቆሻሻ ውሃ ሲያርፍ በሦስት ይከፈላል። ከባዱ ይዘቅጣል፤ ይህ ዝቃጭ ነው። ቅባትና ቀላሉ ነገር ከላይ ይንሳፈፋል፤ እንደ ደረቀ ቅርፊት ይሆናል። መሃል ላይ ያለው ውሃ በመውጫው ቱቦ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። ታንኩ ሥራው ማሳረፍ ነው። ጀርም አይገድልም። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ቢመስልም ንጹሕ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እውነተኛ ሴፕቲክ ታንክ ወለሉም ግድግዳውም ውሃ የማያሳልፍ ነው። እኛ ግን ድንጋይ የተደረደረበትን ጉድጓድ ሁሉ ሴፕቲክ ታንክ እንለዋለን። «የእኔ ጉድጓድ ሃያ ዓመት ሞልቶ አያውቅም» ብሎ የሚፎክር ሰው በየሰፈሩ አለ። ወንድሜ፣ አይሞላም፤ ምክንያቱም ታችኛው ውሃ ውስጥ እየገባ ነው። ሐይቅ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ማጠራቀሚያ»፣ «ሴፕቲክ ታንክ» እና «ማስረጊያ» ተለያይተው ከተጻፉ ሆን ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ምንም አያስወጣም፤ በመኪና ብቻ ይነሳል። ሁለተኛው ያሳርፋል። ሦስተኛው ወደ አፈር ያሰርጋል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ «አለን» ብላችሁ አትጻፉ።

መቼ ይነሳ? የተለመደው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ እንደ ሰው ብዛት። እኔ በዘልማድ አልሄድም፣ እለካለሁ። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በክዳኑ ቀዳዳ ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ወለሉ አውርዱ፤ ጥቂት አቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ የተጣበቀው የዝቃጩ ቁመት ነው። የእኔ ታንክ የውሃው ጥልቀት 1.5 ሜትር ነው። ጥቁሩ 50 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ እደውላለሁ።

እንጨቱን ስታወርዱ ፊታችሁን አቅርባችሁ አትዩ፤ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ። ወደ ውስጥ ሰው አይግባ፤ ስልክ ቢወድቅ፣ ወርቅ ቢወድቅ። ውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ መጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ስትሉ ሰው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባም አብሮ ይቀራል። ደብዳቤ ላይ «ያለ መከላከያ መግባት የተከለከለ ነው» የሚል ካያችሁ የቢሮ ወግ አይምሰላችሁ።

የመጠኑ ስሌት ቀላል ነው። ርዝመት 3 ሜትር፣ ስፋት 1.5፣ የውሃ ጥልቀት 1.5። ስታባዙት 6.75 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 6,750 ሊትር። መኪናው 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ከሆነ አንድ ቢያጆ ይበቃል። ሁለት ቢያጆ የሚል ሾፌር ሲመጣ ይህን ስሌት በወረቀት አሳዩት። በእኔ ላይ አንዴ ተሞክሯል። ወረቀቱን ሲያይ «ቲቸር እኮ ነዎት» ብሎ ሳቀ፤ በአንድ ቢያጆ አለቀ።

አሁን «አወጋገድ» የሚለው ይምጣ። በዚህ ዓይነት ወረቀት አራት ግሦች በሰልፍ ይሄዳሉ፦ ማንሳት፣ ማጓጓዝ፣ ማጣራት፣ ማስወገድ። እኛ «አስወገድኩት» የምንለው ከዓይናችን ሲጠፋ ነው። በወረቀቱ ግን የመጨረሻው ነው፤ ቆሻሻው በተፈቀደ ቦታ ማረፉ። ስለዚህ «የአወጋገድ ማስረጃ» ማለት የገንዘብ ደረሰኝ ብቻ አይደለም። ቀኑ፣ የመኪናው ታርጋ፣ መጠኑ እና የተደፋበት ቦታ የተጻፈበት ይሁን። ሾፌሩን «የት ነው የምትደፋው?» በሉት። መልሱን ወረቀቱ ላይ ራሱ እንዲጽፍ አድርጉ። እጁ ከከበደው ሌላ መኪና ፈልጉ።

ወቅቱንም ምረጡ። እኔ ጥር ላይ አስነሳለሁ። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስለሚል ባዶ ታንክን ከሥር ይገፋዋል፤ ቀላል የሆነው፣ በተለይ ፕላስቲኩ፣ ሊንሳፈፍ ይችላል። ዝቃጩ ከተነሳ በኋላም ታንኩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት።

ማጣሪያ፣ ወንፊት አይደለም

የሻይ ማጥለያ ለምዶብን «ማጣሪያ» ሲሉን ቀዳዳ ያለው ነገር ይታየናል። በዚህ ሙያ ማጣሪያ ማለት ውሃውን የሚያክም ሥራ ሁሉ ነው፤ ማሳረፍ፣ አየር መስጠት፣ በባክቴሪያ ማስበላት፣ አንዳንዴ ኬሚካል። የመጠጥ ውሃ የሚያዘጋጀውም ማጣሪያ ይባላል፣ ቆሻሻ ውሃ የሚያክመውም። ከፊቱ ያለውን ቃል ሳታዩ አትሂዱ።

«ቅድመ ማጣሪያ» ደግሞ ውሃው ወደ ታንክ ወይም ወደ መስመር ከመግባቱ በፊት በእናንተ በኩል የሚሠራው ነው። ለኩሽና ይህ የቅባት ማጥመጃ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛው ግሪስ ትራፕ ይለዋል። ሳጥን ነው። ትኩሱ ውሃ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ከሥር በሚጀምር ቱቦ ይወጣል። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። የሽንት ቤት ውሃ በፍጹም እንዳይገባበት። ሲሞላም ፈልቶ የወጣ ውሃና ሳሙና ደፍታችሁ «አጸዳሁት» አትበሉ፤ ቅባቱ ቀልጦ ያልፍና ወደፊት ቱቦው ውስጥ ይረጋል። በጭልፋ ቀፍፋችሁ፣ በዕቃ አድርጋችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ። እኛ አሳ ስለምንጠብስ በየቅዳሜው ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ የወጣውን አይቼ ለሁለት ቀን አሳ አልበላሁም።

ከእነዚህ ቃላት አጠገብ «ዜሮ ፍሳሽ» የሚል ልትሰሙ ትችላላችሁ። ሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የዚህ ዓይነት ማጣሪያ አለው። ፍሳሽ የለውም ማለት አይደለም። የተጣራውን ውሃ ወደ ውጪ ከመልቀቅ መልሶ ለሥራ ያውለዋል ማለት ነው። ለፔንሲዮን አይጠየቅም፤ ማንም ቢያስፈራራችሁ።

የላቦራቶሪ ወረቀት ከመጣ

ከመጣ አትደንግጡ። ፊደል ይበዛበታል፣ ነገሩ ጥቂት ነው።

ቢኦዲ ማለት ጀርሞች ቆሻሻውን ሲበሉ የሚጠቀሙት ኦክስጅን ነው፤ በ20 ዲግሪ ለ5 ቀን ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ውሃው ውስጥ የሚበላ ነገር ብዙ ነው፤ ሐይቅ ሲገባ ከአሳው ጋር በኦክስጅን ይሻማል። ሲኦዲ ያንኑ በኬሚካል በሰዓታት የሚለካ ነው፤ በጀርም የማይበላውንም ስለሚቆጥር ከቢኦዲ ይበልጣል። ከአንድ ናሙና የወጡ ሆነው ቢኦዲው ከበለጠ የሆነ ቦታ ተሳስተዋል፤ ጠይቁ። ቲኤስኤስ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ጠጣር ነው። ፒኤች ኮምጣጣነትና አልካላይነት ነው፤ 7 መሃል ነው፣ የሳሙና ውሃ ከዚያ በላይ ይወጣል።

መለኪያው ሚሊ ግራም በሊትር ነው። የእኔ ቧንቧ ሠራተኛ ውጤቱን አይቶ «እትዬ፣ ቧንቧ ከፍተን እናቅጥነው» አለኝ። ወጥ መሰለው። 10 ሜትር ኩብ ውሃ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ካለው 3 ኪሎ ቆሻሻ ነው። በሌላ 10 ሜትር ኩብ ብታቀጥኑት በሊትር 150 ይሆናል፤ ሐይቁ የሚገባው ግን ያው 3 ኪሎ ነው። የውሃ ሂሳቡ ብቻ ጨመረ። «በማቅጠን ደረጃውን ማሟላት አይፈቀድም» የሚለው ሐረግ ትርጉሙ ይህ ነው።

ናሙናው የት፣ ስንት ሰዓት፣ እንዴት እንደተወሰደም እዩ። የአንድ ጊዜ ናሙና የዚያችን ደቂቃ ነው የሚናገረው፤ ድብልቅ ናሙና የቀኑን። አንሶላ በሚታጠብበት ሰኞ ጠዋት ብቻ የተወሰደ ከሆነ በመልሳችሁ ላይ ጥቀሱት፤ መብታችሁ ነው።

ትንንሾቹ ቃላት

ሰው ትልልቁን ቃል ፈርቶ ትንሹን ይዘልላል። ገንዘቡ ያለው ትንሹ ላይ ነው። «ያላነሰ» ካለ ወለል ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ ትችላላችሁ። «ያልበለጠ» ካለ ጣሪያ ነው። «ይችላል» ፈቃድ ነው፣ «አለበት» ግዴታ። «እናሳስባለን» ለስላሳ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ከማስጠንቀቂያ አንድ ደረጃ ብቻ በታች ነው። «የሥራ ቀናት» እና «ቀናት» አይምታቱባችሁ። የሚቆጠረው ከተጻፈበት ወይስ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ? ስትረከቡ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ።

ደብዳቤው የሚጠቅሰውን ሕግም ለዩ። አዋጅ በሕግ አውጪው ምክር ቤት ይወጣል፤ ደንብ በካቢኔ ወይም በሚኒስትሮች ምክር ቤት፤ መመሪያ በመሥሪያ ቤቱ። መመሪያ ከአዋጁ ጋር ሊቃረን አይችልም። አዋጁን ካገኛችሁ መጀመሪያ አንቀጽ 2ን ክፈቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትርጓሜ ያለው እዚያ ነው። የሰፈር ትርጉማችሁን ትታችሁ የእሱን ያዙ። በፌዴራል ሕግ ደግሞ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ከተለያዩ የበላይ የሚሆነው አማርኛው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተደንግጓል። ይህን ሳነብ፣ አልዋሻችሁም፣ እንደ አማርኛ መምህርት ኮራሁ፤ እንደ ፔንሲዮን ባለቤት ግን «ትርጉሙ አሳሳተኝ» የምልበት ምክንያት አጣሁ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። የበከለ ሰው ያጸዳል ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል፤ መሠረቱ ይህ ነው። እናንተን ብቻ የሚያስር ግን አይደለም። ላይኛው ግቢ ቆሻሻውን ወደ እናንተ ቢለቅ፣ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በመጀመሪያ ግን ጎረቤትን በቡና ጥሩ። እኔ ጠርቼ ተሳክቶልኛል።

መልሱን ስትጽፉ

«ችግር የለብንም» የሚል መልስ አትጻፉ። የእኔ ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲህ ነበር፤ ቀድታችሁ ተጠቀሙበት።

«በቀን … በቁጥር … የጻፋችሁልን ደብዳቤ በ… ደርሶናል። ከግቢያችን አራት ዓይነት ውሃ ይወጣል። የጣሪያ ውሃ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ይገባል፤ የታንኩ መጠን 6.75 ሜትር ኩብ ነው። የልብስ ማጠቢያ ውሃ እስከ አሁን በስህተት ከቦዩ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ በቀን … ተቋርጦ ለብቻው ወደ ተሠራ ማጠራቀሚያ ዞሯል። የኩሽና ውሃ በቅባት ማጥመጃ አልፎ ወደዚያው ይገባል። የግቢው ንድፍ፣ ፎቶግራፍና የዝቃጭ አወጋገድ ማስረጃ ተያይዟል። ቀደም ሲል በጻፍነው ደብዳቤ ‹ፍሳሽ አንለቅም› ያልነው የሽንት ቤቱን ብቻ ማለታችን ስለነበር በዚህ ይታረምልን።»

«በስህተት» የሚለውን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። ተቆጣጣሪው ልጅ ግን አንብቦ «ይሄ የሚገባ ደብዳቤ ነው» አለና መዝገብ ቤት አስገባው። ከዚያ በኋላ አልመጡም፣ ለአሳ ጥብስ ካልሆነ።

ፋይል አዘጋጁ። ንድፉ ከላይ፣ ደብዳቤዎቹ በቀን ቅደም ተከተል፣ ደረሰኞቹ ከሥር። የእንጨቱን ልኬት በየስድስት ወሩ ጻፉበት። የእኔ የሰኔ ልኬት 31 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ የታኅሣሡ 38። በሚቀጥለው ሰኔ እንደገና እለካለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ክዳኑ ላይ አንድ መኪና አሸዋ አራግፎ የሄደውን ሰው ማግኘት አለብኝ።